ነፋስ እንዳይገባ

ፍርሃት እንደ ምግብ ነው፤ አገር አገሩ የየራሱ አለው። ጣሊያኖች ዐሥራ ሰባት ቁጥርን ይፈራሉ፤ ቀኑ ከዐርብ ጋር ከገጠመማ ከቤቱ ንቅንቅ የማይል ትልቅ ሰው አውቃለሁ። እኛ ቁጥር አንፈራም። ቁጥር ብንፈራ ኖሮ ሠርግ ላይ ያን ሁሉ ሰው ባልጠራን ነበር። እኛ የምንፈራው ነፋስ ነው።

አውሎ ነፋስ ማለቴ አይደለም፤ እሱንማ ማን አይፈራውም። እኛ የምንፈራው በመስኮት ስንጥቅ ሾልኮ የሚገባውን፣ መጋረጃ እንኳ የማያንቀሳቅሰውን ያንን ቀጭን ነፋስ ነው። አዲስ አበባ ታክሲ የተሳፈራችሁ ታውቁታላችሁ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ሰው በሰው ላይ ተነባብሯል፤ የአንዱ ላብ በሌላው አንገት ይወርዳል። አንድ ደፋር እጁን ሰድዶ መስኮቱን የጣት ውፍረት ያህል ሲከፍት ግን፣ ያ እስካሁን በመልስ ሳንቲም ሲነታረክ የነበረ ሕዝብ ባንድ ድምፅ «ዝጋው፣ ነፋስ ነው» ይላል። እንዲህ ያለ የሕዝብ አንድነት በሌላ ጉዳይ ላይ አይቼ አላውቅም።

ደግሞ ሰው በነፋስ ይመታል እንጂ ዝም ብሎ አይበርደውም። ብርድ ይመታናል፤ ነፋስ ይመታናል፤ ምች ይመታናል። ሁሌ ተመቺ ነን። ከሚመታ ነገር ደግሞ ወይ ይሸሹታል፣ ወይ በር ይዘጉበታል። እኛ በሩን እንዘጋለን።

ይህን የማወራችሁ ለማሳቅ እንዳይመስላችሁ። መሳቅ ካማራችሁ ሳቁ፤ አልቀየምም። እኔ ግን ድንጋጤው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። በሩ ተዘግቶ፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ሰው ሞቆት ደስ ብሎት ከተቀመጠበት ክፍል ስገባ ልቤ ይመታል። ሰበብ ፈልጌ መስኮት እከፍታለሁ። ሐበሻ ቤት እንግድነት ሄዶ መስኮት የሚከፍት ሰው ደግሞ ምን ያህል እንደሚወደድ መገመት አያቅታችሁም።

የምኖረው ሮም ነው፤ ቶር ፒኛታራ በሚባለው ሰፈር፤ ኪራዩ ቀለል ስለሚል የዓለም ሕዝብ ሁሉ ተጠራርቶ የገባበት። እንጀራዬ የፎቅ ደረጃ ማጽዳት ነው። ለአገር ቤት ሰው «ሮም እኮ ይበርዳል» ስለው አያምነኝም። እሱ የሚያውቃት ሮም በፎቶ ላይ ያለችውን፣ ቱሪስት በቁምጣ አይስክሬም የሚልስባትን ነው። ጥር ላይ አላያትም። ጥር ላይ ብርዱ ከውጪ አይመጣም፤ ከግድግዳው ነው የሚወጣው። ውጪ ፀሐይ ነው፣ ቤት ውስጥ ካፖርት ነው። ማሞቂያውን ደግሞ የምትለኩሰው አንተ አይደለህም። ፎቁ በማኅበር የሚያስለኩሰው ነው፤ ለዚያውም መንግሥት በፈቀደው ወርና በፈቀደው ሰዓት። ኅዳር ሳይጋመስ በረደኝ የሚል ሰው ሕግ እንደ ተላለፈ ይቆጠራል።

እውነቱን ለመናገር ጣሊያኖችም በነፋስ ጉዳይ ዘመዶቻችን ናቸው። ከእኛ በር ፊት ለፊት የሚኖሩት ሲኞራ ፒና፣ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት፣ ከመስከረም እስከ ግንቦት አንገታቸው ላይ የሱፍ ሻርፕ ጠምጥመው ነው የሚውሉት። አንገትን ነፋስ ካገኘው አለቀለት ይላሉ። ይህን ሲሉ ስሰማ «ይህቺ ሴትዮ ጎጃም ነው የተወለደችው እንዴ» አልኩ። ግን ማለዳ ማለዳ አንድ ነገር ያደርጋሉ። ውጪ በረዶ ቢሆንም የቤታቸውን መስኮት ሁሉ ብርግድ አድርገው ይከፍታሉ፤ ብርድ ልብሳቸውን በመስኮቱ ላይ ያንጠለጥላሉ፤ ራሳቸው ካፖርት ደርበው መሀል ቤት ይቆማሉ። ጠየቅኋቸው። አየሩን እየቀየርኩ ነው አሉኝ። አየር እንደ ካልሲ የሚቀየር መሆኑን እስከዚያን ቀን አላውቅም ነበር።

እንግዲህ ባለቤቴ አዜብ የመጀመሪያ ልጃችንን የወለደችው በዚህ በብርዱ ወራት ነው። ወንድ ልጅ። ክርስትና እስኪነሳ ማሙሽ ብለነዋል። እናቷ እማማ አስካለ ሊያርሷት ከአዲስ አበባ መጡ። ሻንጣቸው ሲከፈት ግማሹ ቅቤና የገንፎ ዱቄት፣ ግማሹ ጋቢ ነበር። ቤቱን ዘወር ዘወር ብለው አዩት። ምንም አላሉም። አማት ምንም ሳትል ስትቀር ነገር አለ ማለት ነው።

በማግሥቱ ነገሩ ወጣ። «ልጄ፣» አሉኝ ዝግ ብለው፣ «ይሄ የአራስ ቤት አይደለም። ይሄ በረንዳ ነው።»

አራስ ቤት ውስጥ ባል ማለት እንደ ወንበር ነው፤ ሲፈለግ ይሳባል፣ ሳይፈለግ ጥግ ይያዛል። ስለዚህ ሥራ ሲሰጠኝ ደስ አለኝ። ፕላስተር ገዛሁ፤ ያንን ወፍራሙን፣ ካርቶን የሚታሸግበትን። መስኮቶቹን ዙሪያቸውን ለጠፍን። የመስኮት መዝጊያዎቹን ወደ ታች አወረድናቸው፤ ቀንና ሌሊት ተቀላቀለ። በየበሩ ሥር የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ገባ። መግቢያው በር ላይ ከውስጥ ሌላ ወፍራም ብርድ ልብስ ተሰቀለ፤ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ በሩን ዘግቶ በጨለማ ይቆማል፤ ከዚያ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ ይገባል። የሮም ባንክ ቤቶች እንዲህ ናቸው፤ አንዱ በር ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም። እነሱ ሌባ ፈርተው ነው።

እማማ አስካለ ይህ ሁሉ አልበቃቸውም። ነፋስ የሚፈልጉበት የራሳቸው ዘዴ አላቸው። መዳፋቸውን ውሃ ነክረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ግድግዳ ግድግዳውን በቀስታ ይዳስሳሉ። እርጥብ እጅ አይዋሽም፤ ጭላጭ ነፋስ ካለ ቀዝቀዝ ይለዋል። እንዲህ እየዳሰሱ ሲሄዱ ኩሽና ደረሱ፤ ከፍሪጁ ጀርባ እጃቸው ቆመ። እኔ በዚያ ቤት ስኖር ዓመታት አልፈዋል፤ ፍሪጁን ግን አንቀሳቅሼው አላውቅም። ከጀርባው ግድግዳው ላይ ቡጢ የምታስገባ ክብ ቀዳዳ አለች፤ ወዲያ ማዶ እስከ ውጪ የምትዘልቅ፤ በላይዋ የፕላስቲክ ወንፊት የተለጠፈባት።

ማታ እራት ላይ አበሠሩኝ። የነፋሱን ዋሻ አግኝቼ አፉን ዘጋሁት አሉ። ቤቱን የሠራው ሰው ሥራውን ሳይጨርስ ሂሳቡን ተቀብሎ የሄደ ሌባ ነው ብለው ረገሙት። እኔም ተስማማሁ፤ እጅዎ ይባረክ አልኳቸው። በዚያው ሰሞን የሱፍ ካልሲዎቼ ጠፉብኝና የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ጠረጠርኩ።

ቤታችን ሞቀ። እንዴት ያለ ሙቀት መሰላችሁ! ኩሽናው ግድግዳ ላይ ስካልዳባኞ የሚሉት በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ተሰቅሏል፤ ነጭ ሳጥን ነው፤ ቧንቧ ሲከፈት ቧ ብሎ ይለኮሳል። ከእኛ በፊት ከነበረው ተከራይ በፊት የነበረ ነው። አራስ በሙቅ ውሃ ካልታጠበች አጥንቷ አይገጥምም ስለሚባል እሱ ከጠዋት እስከ ማታ ሲነድ ይውላል። ምድጃው ላይ ደግሞ አንዱ ድስት ሲወርድ ሌላው ይጣዳል፤ ገንፎው ሲያልቅ አጥሚቱ፣ አጥሚቱ ሲያልቅ የዶሮ መረቁ። መስታወቱ በላብ ተጥለቀለቀ። እማማ አስካለ ጣታቸውን እያሳለፉበት «ቤቱ ራሱ አላበው» እያሉ ይደሰታሉ። የማሞቂያው ነበልባል ድሮ ሰማያዊ ነበር፤ አሁን ቢጫ ሆኗል። እሳቱ ገና አሁን በረታ አሉ።

ጠያቂው መጣ። እንኳን ማርያም ማረችሽ እያለ፣ በጨለማው ቆሞ፣ ብርድ ልብሱን ገልጦ። ከሁሉ አብልጣ የምትመላለሰው እትዬ ጽጌ ነበረች፤ ሮም ውስጥ የሰው ቤት ስትሠራ ያረጀች፣ ሮማኒና በሚባለው ሰፈር የምትኖር ዘመዳችን። ባሏ ጋሽ ታደሰ ሌሊት ዘብ አድሮ ቀን ስለሚተኛ ብቻዋን ነው የምትመጣው። ቤታችንን አይታ እንባዋ መጣ። «አሁን ገና የአራስ ቤት አየሁ፤ እኛ በወለድን ጊዜ ማን ነበረንና» አለች።

ከዚያ አዜብን ራሷን ያማት ጀመር። ታጥባ ስትወጣ ያዞራታል፤ ይወጋታል፤ ያቅለሸልሻታል። እማማ አስካለ ምርመራቸውን ወዲያው ጨረሱ። ስትታጠብ ነፋስ አግኝቷታል። ስለዚህ የመታጠቢያ ቤቱ መስኮትም ታሸገ። በማግሥቱ ባሰባት። እንግዲያው ነፋሱ ሌላ ቀዳዳ አለው ማለት ነው፤ እርጥቡ እጅ እንደገና ወጣ፤ የመብራት ማጥፊያው ዳር ዳር ሳይቀር ተለጠፈ። እትዬ ጽጌ ዓይን ነው ብላ ጤና አዳም ይዛ መጣች። የራስ ምታቱ በጨመረ ቁጥር ፕላስተሩ ይጨምራል፤ ፕላስተሩ በጨመረ ቁጥር የራስ ምታቱ ይጨምራል። እኔንም እሑድ እሑድ ቤት ስውል ራሴን ይከፍለኛል፤ ሰኞ ደረጃ ሳጥብ ይለቀኛል። ሥራ የሚወድ ሰው ነኝ ማለት ነው ብዬ ተደሰትኩ። ማሙሽ ደግሞ ማልቀስ ተወ። እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው እያልን ለጠያቂው ሁሉ አወራን።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እኔ የምጨምረው ቢኖር፣ የፈሩት የሚደርሰው ባልጠበቁት በር ነው።

ቀኑ ትራሞንታና የሚሉት የሰሜን ነፋስ የሚያፏጭበት ቀን ነበር። እንደ ልማዴ ከአንዱ ፎቅ ወደ ሌላው ከመሄዴ በፊት ምሳዬን ልበላ ወደ ቤት ሄድኩ። መንገድ ላይ ሆኜ ለአዜብ ደወልኩ፤ አላነሳችም። ተኝታ ነው አልኩ፤ አራስ ካልተኛች ማን ይተኛል። ደረጃው ላይ ሲኞራ ፒናን አገኘኋቸው፤ ብሮዶ የሚሉትን መረቅ በድስት ይዘው ለአራሷ ሊሰጡ እየመጡ ነው። አብረን ገባን። በሩን ከኋላዬ ዘጋሁ። አጥብቄ ነው የዘጋሁት፤ ነፋስ እንዳይከተለን።

ብርድ ልብሱን ስገልጠው ቤቱ ጸጥ ብሏል። ማሞቂያው ብቻ ያጉረመርማል፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ውሃ ይፈሳል። እማማ አስካለ ኩሽና ውስጥ ምድጃውን ተደግፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ክፍት ነው። «እማማ» አልኳቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ የለውም። የሚጸልዩ መሰለኝ። ወደ መኝታ ቤት አለፍኩ። አዜብ በፎጣ እንደተጠቀለለች፣ ፀጉሯ እርጥብ እንደሆነ አልጋው ላይ ጋደም ብላለች፤ ፊቷ ወዛ ወዛ ብሏል። ማሙሽ ከጎኗ ነው። ታጥባ እንቅልፍ የጣላት መሰለኝ። ትከሻዋ ስለተገለጠ ጋቢውን ሳብ አድርጌ አለበስኳት፤ ብርድ እንዳይመታት።

ከኋላዬ ድስት ወደቀ። ዘወር ስል መረቁ ወለሉ ላይ ፈስሷል። ሲኞራ ፒና እማማ አስካለንም አይተዋል፣ ቢጫውን ነበልባልም አይተዋል። «ጋዝ» አሉ፤ ጮኸው አይደለም፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ነው። ማሞቂያውን አጠፉት። ከዚያ በዚያ በእርጅና በተጣመመ ጣታቸው ስንት ቀን የለፋንበትን ፕላስተር ቦጨቁት፤ መዝጊያውን ወደ ላይ አነሱት፤ መስኮቱን ብርግድ አድርገው ከፈቱት። ትራሞንታናው እንዳለ ገባ።

አሁን የምነግራችሁን እመኑኝ፤ እኔ ራሴ አላምነውም። ሚስቴ ሬሳ መስላ ተኝታለች፤ ልጄ ድምፁ የለም፤ አማቴ መሬት ላይ ናቸው። እኔ ምን አደረግሁ? ሮጥኩና መስኮቱን ዘጋሁት። «ሲኞራ፣ አራስ ናት፤ ነፋስ ነው እኮ» አልኩ።

ሲኞራ ፒና በጥፊ አጮሉኝ።

በዕድሜዬ ብዙ ነገር ተምሬያለሁ፤ እንደዚያ በፍጥነት የተማርኩት ግን የለም። መስኮቱን መልሼ ከፈትኩት። ሌላውንም፣ የመግቢያውንና የበረንዳውንም በር። አዜብን ተሸክሜ በረንዳው ላይ አወጣኋት፤ እማማ አስካለን ሁለት ሆነን ጎተትናቸው። ከዚያ ማሙሽን አቀፍኩት። ሲኞራ ፒና አንገታቸው ላይ ያለውን ሻርፕ ፈትተው ጠቀለሉት፤ በዚያ ነፋስ፣ ባዶ አንገታቸውን ቆመው ለእሳት አደጋና ለአምቡላንስ ስልክ ይደውላሉ። እኔ ልጄን ይዤ በረንዳው ጠርዝ ላይ ነበርኩ፤ ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሬ። አባት ሆኜ የገዛ ልጄን ለነፋስ እየሰጠሁ። አይንቀሳቀስም። ሰው ልጁን አታልቅስ እያለ ነው የሚያሳድገው፤ እኔ አልቅስ ብዬ ለመንኩት። እባክህ አልቅስ፣ ያንተ ባሪያ ልሁን፣ አልቅስ።

አነጠሰ።

ሲኞራ ፒና «ሳሉቴ» አሉ። እኔ ይማርህ ማለት አቃተኝ። ከዚያ ያ ጨዋ ያልነው ልጅ ሰፈሩን በለቅሶ አናወጠው፤ እኔም አብሬው። ታች መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ቀና ብሎ አየን።

እሳት አደጋዎች መጡ። የቤታችንን አየር የሚለካ ነገር ይዘው ገቡና ተመልሰው ወጡ፤ ፊታቸው ላይ ጭምብል አድርገው እንደገና ገቡ። ፍሪጁን ጎተቱት። አንደኛው እጁን ቀዳዳዋ ውስጥ ሰድዶ መጎተት ጀመረ። መጀመሪያ ፕላስቲክ ወጣ። ቀጥሎ የኔ የሱፍ ካልሲ፤ ቀጥሎ ጓደኛው፤ ቀጥሎ ሌላ ጥንድ፤ ከሁሉ በኋላ ረጅሙ የውስጥ ሱሪዬ። በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «ይሄ የማን ነው» አለኝ። የኔ ነው አልኩ። ቀዳዳዋ ለጋዙ መተንፈሻ ተብላ በሕግ የተሠራች መሆኗን፣ አሮጌው ማሞቂያ ጭሱን ወደ ውጪ ማስወጣት ሲያቅተው ወደ ቤት እንደሚመልሰው፣ ያ ጭስ ሽታም መልክም እንደሌለው፣ ሰው እንቅልፍ የወሰደው መስሎት እንደሚሄድ፣ ትንሽ ቆይቼ ቢሆን ኖሮ ማንንም በሕይወት እንደማላገኝ፣ ሁሉንም በትዕግሥት አስረዳኝ። በሚገባኝ ጣሊያንኛ ነው የነገረኝ። ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

ሆስፒታል ሦስቱም ኦክስጅን ተደረገላቸው። ማሙሽ ቶሎ ተሻለው። አዜብ ግን ዓይኗን ከመግለጧ በፊት ረጅም ጊዜ ወሰደ። ያን ጊዜ ስለ ምን እንዳሰብኩ አልነግራችሁም። ስትነቃ «ልጄስ» አለች። ሐኪሙ እየሳቀ አሳያት። እኔ ኮሪደር ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ።

እማማ አስካለ ተሽሏቸው ከአልጋ ከወረዱ በኋላ ልጃቸው አልጋ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ነርሷ ገብታ የክፍሉን መስኮት አየር ይግባ ብላ ከፍታው ሄደች፤ ነፋሱ ቀጥታ ማጅራታቸው ላይ ነው የሚያርፈው። ነጠላቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። ምን እላቸዋለሁ? ከአዲስ አበባ ድረስ የመጡት ልጃቸውን ከነፋስ ሊጠብቁ ነው። ቁጣ ፈለግሁ፤ ፈልጌም አጣሁ።

በማግሥቱ ጠያቂዎቹ ሴቶች ተሰብስበው መጡ፤ እትዬ ጽጌ ከፊት። የሐበሻ ሆስፒታል ጥየቃ ታውቁታላችሁ፤ የታመመው ዝም ይላል፣ ጠያቂው በሽታውን ይወስናል። ወዲያው ተወሰነ። ነፋስ ነው። ያን ቀን ሰማይ ምድሩን ሲያናውጥ አልነበር እንዴ? ባሏ ለምሳ ሲገባ በሩን ሲከፍት አብሮ ገብቶ ነው። አንዷ እንዲያውም ዘወር ብላ ገላመጠችኝ። ከአራስ ቤት ባል ቀን ቀን ባይገባ ምን አለ አለች። እትዬ ጽጌ ተነስታ መስኮቱን ዘጋችው።

እማማ አስካለ ቀና አሉ። «ክፈችው» አሉ።

«እንዴ እማማ፣ ነፋስ እኮ ነው የመታት።»

«ነፋስ አይደለም» አሉ። ድምፃቸው ጎርነን ብሎ፣ ማንንም ሳያዩ። «ነፋስ አይደለም። እኔ ነኝ።»

እማማ አስካለ ማብራራት አልቻሉም፤ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አዜብ ከአልጋዋ እጇን ዘርግታ ጉልበታቸውን ያዘችው። ስለዚህ እኔ አስረዳሁ። ስለ ኩሽናው ቀዳዳ፤ እሳት አደጋው እንደነገረኝ፣ ቃል በቃል። ስጨርስ ሴቶቹ ይማርሽ፣ እግዜር አተረፋችሁ እንዲሉ ጠበቅሁ። እነሱ ግን እርስ በርስ ተያዩ።

«የምን ቀዳዳ ነው ያልከኝ?» አለች እትዬ ጽጌ።

ነገርኳት። ቡጢ የምታህል፣ ክብ፣ ወንፊት ያላት።

«ከታች በኩል? ግድግዳው ላይ?»

አዎ አልኳት። እትዬ ጽጌ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። በእሷ ኩሽና ያለችውን ገና ቤቱን የተከራየች ዕለት በጨርቅ ጠቅጥቃ ደፍናታለች። ዘንድሮ ደግሞ ብርዱ ጠንከር ሲል በጂፕሶ አስለስናታለች። ከጎኗ ያለችው «የእኔም ተደፍናለች» አለች። በሩ አጠገብ የቆመችው ስልኳን ከቦርሳዋ እያወጣች ነበር። እኔ የአማቴ ስህተት መስሎኝ ነበር። የሮም ሐበሻ ሁሉ ሲተኛ እንዲህ ነው የሚተኛው ማለት ነው?

ሁሉም ስልካቸውን ያዙ። «ክፈት»፣ «ምድጃውን አጥፋ»፣ «ፍሪጁን ሳበው» የሚል ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ ነርሷ ብቅ ብላ አይታን ሄደች። ከሁሉ ኋላ የቀረው የእትዬ ጽጌ ስልክ ነው። ጋሽ ታደሰ ሌሊት ዘብ አድሮ አሁን ተኝቷል። ከመውጣቷ በፊት ሲነሳ እንዳይቀዘቅዝበት ብላ ሽሮውን ምድጃው ላይ በትንሽ እሳት ጥዳለት መጥታለች፤ የጋዝ እሳት። ስልኩ ጠራ። ጠራ። ቆመ። እንደገና ደወለች። ጠራ። ሌሎቹ አንድ በአንድ ስልካቸውን ዘጉና የእሷን ፊት ያዩ ጀመር። ማንም መቀመጫውን አልቀየረም። እማማ አስካለ ነጠላቸውን ከፊታቸው ላይ አወረዱት።

እንደገና ደወለች።

«ሃሎ» አለ፣ ከእንቅልፍ ሥር የሚወጣ ድምፅ። ስልኩ ጮክ ስለሚል ሁላችንም ሰማነው።

እማማ አስካለ ተነስተው ስልኩን ከእትዬ ጽጌ እጅ ወሰዱት።

«ታደሰ ልጄ፣ ተነስ። ምድጃውን አጥፋና መስኮቱን ክፈት። ሁሉንም ክፈት።»

ወዲያ ማዶ አልጋ ሲንቋቋ ሰማን። ራሱን እየያዘ የሚናገር ሰው ድምፅ ነው።

«እማማ፣ ውጪ እኮ ነፋስ ነው።»

«ይግባ» አሉ እማማ አስካለ። «ይግባ ልጄ።»